ኦቻን ጀልባዋን በየብስ ኢታንግ ያደረሳት ዕለት

ተፈርሟል። ወረቀቱ ተፈርሟል፣ ማኅተሙም አርፎበታል። ከኢታንግ ከተመለስን ገና አንድ ሰዓት አልሞላንም፤ ጫማዬ ውስጥ የባሮ አሸዋ እንዳለ ነው፣ እኔ ግን ይህን ሳልጽፍ ፊቴን እንኳ መታጠብ አልፈለግኩም። እስካሁን ለካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ነግሬያለሁ፣ ለዘበኛው ነግሬያለሁ፣ ልጇን ለማስከተብ ለመጣች አንዲት የማላውቃት እናት ሳይቀር ነግሬያለሁ። እሷም በትዕግሥት ካዳመጠችኝ በኋላ «እሰይ፣ የማን ወረቀት ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ የማን እንደሆነ ሳልነግራት ነው እልል በይ ያልኳት።

የኦቻን ነው።

ኦቻን የክሊኒካችን ጀልባ ነጂ ነው። ዕድሜው ሃምሳ ሁለት ነው፤ አንዳንዴም ሃምሳ አምስት ይሆናል፣ እንደ ጠያቂው። ክረምት ሲገባ ከኢታንግ ወዲያ ያሉትን መንደሮች ውሃ ይከባቸዋል፣ መኪና አይደርስም። ምጥ የመጣባትን እናት ያኔ የሚያመጣልን ኦቻን ነው። መጀመሪያ በግንድ ታንኳ፣ በኋላ ሞተር በታሰረለት የእንጨት ጀልባ፣ ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ሠርቷል። እኔ ከደጋ ወርጄ ጋምቤላ በነርስነት ከተቀጠርኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ አራት ሕፃናት በኦቻን ጀልባ ላይ፣ ውሃው መሃል፣ በእነዚህ እጆቼ ተቀብያለሁ። አራቱንም ጊዜ ጀልባው እንደ አልጋ ጸጥ ብሎልኛል። ውሃው የት ጋ ጥልቅ፣ የት ጋ ደግሞ ቅርብ እንደሆነ በቀለሙ ያውቃል። ሰው ሲሳፈር «አንቺ እዚህ፣ አንተ እዚያ» እያለ ያስቀምጣል፣ ማንም ለምን ብሎት አያውቅም። አንድ ጊዜ ከላይ የመጣ ትልቅ ባለሥልጣንን ከሁለት ፍየሎች መሃል አስቀምጦ ወስዶታል፤ ሰውየውም ሲወርድ አመስግኖታል።

መኪና ግን አይስማማውም። በሚናወጥ ውሃ ላይ ቆሞ ምሳውን የሚበላ ሰው፣ ጋቢና ውስጥ ሲገባ ገና የባሮን ድልድይ ሳይሻገር ፌስታል ይጠይቃል።

እንግዲህ የእንጨቱ ጀልባ በስብሶ ተጣለና ከሁለት ወር በፊት አዲስ ጀልባ መጣችልን። ነጭ ናት፣ ሆዷ ላይ ሰማያዊ መስመር አላት። ከአዲስ አበባ በትልቅ መኪና ተጭና ስትመጣ ተሳቢዋም አብሯት መጣ፤ ማለትም ጀልባዋ የምትተኛበት፣ ከፒካፕ ኋላ የሚታሰር፣ ባለ ሁለት ጎማ የብረት አልጋ። ግቢያችን ውስጥ ማንጎው ሥር ተቀመጠች። ኦቻን በየጠዋቱ እየመጣ ይዞራታል፣ መዳፉን ሆዷ ላይ ያሳርፋል፣ ከዚያ ይሄዳል። እርጉዝ ሚስት ያለችው ሰው እንደሚያደርገው።

ሰኞ ዕለት ጸጋአብ አስጠራው። ጸጋአብ የንብረትና የትራንስፖርት ኃላፊያችን ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ መነጽር የሚያደርግ ደግ ሰው ነው፣ ግን ፎርም ሳይሞላ ውሃ አይጠጣም።

«አቶ ኦቻን፣ ጀልባዋ ክረምት ሳይገባ ኢታንግ መድረስ አለባት። እስከ ዓርብ።»

«ባሮ አሁን ትንሽ ነው» አለ ኦቻን። «እዚህ ጋ ነው» ብሎ ጉልበቱን አሳየው። «ሰኔ ይምጣ። በውሃ እወስዳታለሁ።»

«ሰኔ ድረስ አይጠበቅም። በመኪና መንገድ ነው የምትሄደው። ጀልባዋን የሚረከበው ሰው ተሳቢውን አስተካክሎ፣ ጭኖ፣ አስሮ፣ በሰላም አድርሶ ውሃ ላይ ማውረድ መቻሉን እኔ በዓይኔ አይቼ መፈረም አለብኝ። አለበለዚያ…»

«አለበለዚያ ምን?»

ጸጋአብ መነጽሩን አውልቆ ጠረገው። «አለበለዚያ ሥልጠና ያለው ሰው ከሌላ ቦታ ይመጣል። እርስዎ ወደ ጥበቃ ይዛወራሉ። እዚሁ፣ በሩ ላይ።»

ኦቻን ዞር ብሎ በሩን አየው። አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ነው።

«ይሄ በር የት ይሄዳል?»

«የትም አይሄድም።»

«እሺ። የትም ከማይሄድ ነገር ጋር እኔ ምን እሠራለሁ?»

ጸጋአብ መነጽሩን መልሶ አደረገ። እኔም በመስኮት ሆኜ የምሰማ ሰው ነበርኩ፣ መርፌ ይዤ ቆሜ፣ መርፌውን የሚጠብቀው በሽተኛ አብሮኝ እየሰማ።

ፒካፓችንን የሚነዳው ተሰማ ነው። ተሰማ እዚህ ከመቀጠሩ በፊት አሥር ዓመት ሙሉ ከመቲ ከተማ ቡና በኤፍኤስአር የጭነት መኪና ያወርድ ነበር፤ ይህንንም ያልነገረው ሰው ጋምቤላ ውስጥ የለም። ማክሰኞ ጠዋት ሁለቱ ጀልባዋን ተሳቢው ላይ ጎትተው አወጧትና ጭነት ተጀመረ። የጫነው ኦቻን ነው፣ እንደሚያውቀው። ሞተሩ ኋላ፣ መልሕቁ ኋላ፣ ሁለቱ የነዳጅ በርሜሎች ኋላ፣ ገመዱ ኋላ። ፊቷን ባዶ ተዋት።

«ምነው ሁሉን ከኋላ?» አለ ተሰማ።

«አፍንጫዋ ቀና ይበል። አፍንጫዋን ከደፋች ውሃ ትጠጣለች።»

ውሃ ላይ ትክክል ነው። ደግሞም አፍንጫዋ ቀና ስትል እንዴት እንደምታምር አትጠይቁኝ። ተሰማም ያን ያህል አልተከራከረም፣ አስነስቶ ወጣ። ከግቢ ሲወጡ ደህና ነበሩ፣ አስፋልቱ ላይ ሲደርሱም ደህና ነበሩ። ፍጥነት ሲጨምር ግን ተሳቢው ግራና ቀኝ ይል ጀመር፣ ትንሽ ቆይቶ ፒካፑንም ይዞት ግራና ቀኝ አለ። የፒካፑ ኋላ ተነሣ። ባጃጆች መንገዱን ለቀው ሣር ውስጥ ገቡ። ተሰማ እንደ ምንም አቁሞ፣ እንደ ሙሽራ መኪና ቀስ ብሎ ተመለሰ። ከጋቢና ሲወርድ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

«ከኋላዬ አዞ የያዘኝ ነው የመሰለኝ» አለ።

ረፋዱ ላይ የተሰማ ተራ ሆነ። «ጭነት ወደ ጋቢና ነው» አለ። «አሥር ዓመት ከመቲ ቡና ሳወርድ…» እያለ በርሜሎቹን፣ መልሕቁን፣ ገመዱን፣ መቅዘፊያውን፣ የተገኘውን ሁሉ አፍንጫዋ ላይ ቆለለው። ሞተሩንም ከኋላ ፈትቶ ፊት ላይ አጋደመው። ፒካፑ ቂጡ ላይ ቁጭ አለ። መብራቶቹ የማንጎውን ጫፍ ያዩ ጀመር። ከግቢው በር ፊት ያለችውን ትንሽ ቦይ ሲሻገር ማያያዣው ብረት መሬት ፍቆ እሳት ተፋ። ተሰማም ሁለት መቶ ሜትር ሳይሄድ «መሪው እጄ ላይ የለም፣ የፊት ጎማዎቹ መሬት የሚነኩም አይመስለኝም» ብሎ ተመለሰ።

ከዚያ ጠብ ሆነ።

«አንተ የምታውቀው ውሃ ነው» አለ ተሰማ። «ይሄ መሬት ነው።»

«አንተ የምታውቀው ቡና ነው» አለ ኦቻን። «ይሄ ቡና አይደለም።»

የቀረውን ቀን አልተነጋገሩም። ምሳ እንኳ ከአንድ ሰሃን እየበሉ አልተነጋገሩም። ኦቻን ሲጨርስ እጁን ታጥቦ በሩ አጠገብ ያለችው የዘበኛ ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ሊሞክራት ነው መሰለኝ። ሁለት ደቂቃ ያህል ተቀምጦ ተነሣና ወንበሯን በእግሩ ገፋ አደረጋት።

ረቡዕ ጠዋት ጸጋአብ የተሳቢውን መመሪያ መጽሐፍ ይዞ ብቅ አለ። «እኔ መርዳት አይፈቀድልኝም፣ ፈራሚ ነኝ» አለ። «መጽሐፍ ጮክ ብሎ ማንበብ ግን የትም ቦታ አልተከለከለም።» ከዚያ ማንጎው ላይ ተደግፎ፣ ለማንም እንደማያነብ ሆኖ እየተረጎመ አነበበ። የተሳቢው አንገት፣ ማለትም ፒካፑ ኋላ ካለችው የብረት ኳስ ጋር የሚገጥመው ረጅሙ ብረት፣ ከጠቅላላው ክብደት አንድ አሥረኛ ያህሉን መሸከም አለበት። ካነሰ ተሳቢው ይወዛወዛል፣ ከበዛ መኪናው ወደ ኋላ ይቀመጣል። ጀልባዋ፣ ሞተሩና ተሳቢው ተደምረው ሰባት መቶ ኪሎ ግድም ናቸው። «ስለዚህ አንገቱ ሰባ ኪሎ» ብሎ ዛፉ ላይ ያለችውን ወፍ ተመለከተ።

«ሰባ ኪሎ መሆኑን በምን እናውቃለን?» አለ ተሰማ።

ኦቻን ቀስ ብሎ ወደ እኔ መስኮት ዞረ።

«ሲስተር ትርንጎ። ሚዛንሽ።»

«ሚዛኔ የእርጉዝ እናቶች ነው» አልኩት።

«እሷም ሆዷ ውስጥ ሰው ነው የምትይዘው።»

ምን ይባላል? ሚዛኑን ይዤ ወጣሁ። የሚቆምበት ዓይነት ነው፣ መርፌው እስከ መቶ ሠላሳ የሚቆጥር። ላዩ ላይ የእንጨት ጉማጅ አደረግንና ኦቻን መጀመሪያ እንደጫነው መልሰን ጭነን አንገቱን አሳረፍነው። አሥራ አንድ ኪሎ። ከዚያ እንደ ተሰማ ጫንን፤ መርፌው መቶ ሠላሳን አልፎ ሄዶ የሚሄድበት ሲያጣ ቆመ። እኔም መቼም ልማድ ነውና የእርግዝና ክትትል ካርድ አወጣሁ። ስም፦ ጀልባ። ዕድሜ፦ ሁለት ወር። አንደኛ ክትትል፦ አሥራ አንድ ኪሎ፣ ከመጠን በታች። ሁለተኛ ክትትል፦ ከመቶ ሠላሳ በላይ።

«እብጠት ነው፣ ጨው ትቀንስ» አለ ተሰማ። ኦቻን ሳቀ። ከትናንቱ ጠብ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የተስማሙት ያኔ ነው።

ከዚያ ወዲያ ሥራው ሥራ ሆነ። ነዳጅ ኢታንግ ይሞላል ተባለና በርሜሎቹ ወረዱ። ሞተሩ ወደ ቦታው ተመለሰ። አንገቱ አርባ ሦስት ኪሎ አለ። ኦቻን ጫማውን አውልቆ ጀልባዋ ላይ ወጣ፣ ኋላዋ ጫፍ ላይ ሄዶ ቆመ። መርፌው ወደ ዜሮ ወረደና አንገቱ ከሚዛኑ ተነሥቶ ጎንበስ ብሎ ቁጥሩን የሚያነበውን የተሰማን አገጭ ለጥቂት ሳተው። ኦቻን አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣ። አንገቱ ሚዛኑ ላይ ተመልሶ አረፈ። ሌላ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ፣ ልክ ከጎማዎቹ በላይ ሲደርስ አርባ ሦስት። ኦቻን እዚያው ላይ ዘለለ፤ አርባ ሦስት። እሱ የማይከብድባትን ቦታ አገኘ።

እዚያ ቆሞ ቀረ። ፊቱን ማየት ነበረባችሁ።

«መሃሏ እዚህ ነው» አለ። «ውሃ ላይ መሃሏ እዚያ ነው። መሬት ላይ እግር አላት፤ መሃሏ እግሯ ጋ ነው።»

ከሰል አስመጣና ወለሏ ላይ፣ ከጎማዎቹ በላይ፣ መስመር አሠመረ። ከዚያ በኋላ ለተሰማ ትእዛዝ የሚሰጠው እሱ ሆነ። አፍንጫዋ የሚያርፍበት የብረት ምሰሶ በቡሎን የታሰረ ነው። ቡሎኑን ፈትተው ምሰሶውን አንድ ስንዝር ወደ ፊት አስጠጉት፣ ጀልባዋንም ጎትተው አስጠጓት። ስድሳ ሁለት። ሌላ አራት ጣት፣ መልሕቁም ከመስመሩ ፊት ሆነ። ሰባ አንድ። ጸጋአብ ለወፏ «ግሩም ነው» አላት።

ቀጥ ብሎ መሄዱንም መጽሐፉ ይፈልጋል፤ ተሳቢው ከመኪናው ጋር ሲያያዝ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ሳያዘነብል ልክ እንደ ገበታ መሆን አለበት። ለዚህ ኦቻን መጽሐፍም ሚዛንም አልጠየቀም። አንድ ኩባያ ውሃ ጀልባዋ ወለል ላይ አፈሰሰ። ውሃው ወደ ኋላ ሮጠ። ተሰማ የብረት ኳሷ የተቀመጠችበትን ብረት ፈትቶ፣ ገልብጦ ዝቅ አድርጎ አሠረው። ሌላ ኩባያ። ውሃው የፈሰሰበት ቦታ ላይ ተዘርግቶ፣ የት ልሂድ እንዳለ ሰው ቆመ።

ሐሙስ የቀረው ተጠናቀቀ። ሁለቱ ሰንሰለቶች ከአንገቱ ሥር ተጠላልፈው ታሰሩ፣ ኳሷ ብትለቅ እንኳ አንገቱ መሬት እንዳይወጋ። ኦቻን ይህን በጣም ወደደው፤ «ልጅ እንደ ማዘል ነው» አለ። ጎሚስታው መጥቶ የጎማዎቹን ንፋስ አስተካከለ። የግራ ፍሬቻ ሲበራ የቀኙ ይበራ ነበር፣ ሽቦው ተቀያየረ። ጀልባዋ ኋላዋ በሁለት ሰፊ ጠፍር፣ ፊቷ በሌላ ታሰረች። ከሰዓት ከተማውን አንድ ጊዜ ዞሩ። አዞው አልያዘም።

ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተነሣን። ጸጋአብ ቀደም ብሎ በሌላ መኪና ሄዶ ኢታንግ ወንዙ ዳር ሊጠብቀን ነው። ተሰማ መሪው ላይ፣ እኔ የክትባት ሣጥኖቼን ላደርስ መሃል፣ ኦቻን በመስኮቱ በኩል ፌስታሉን በእጁ ይዞ። ግን ታምኑኛላችሁ? አላስፈለገውም። ዓይኑን ከጎን መስታወቱ ላይ ሳይነቅል፣ ጀልባዋን ብቻ እያየ ሄደ። ሆዱ የሚታመምበት ጊዜ አላገኘም። በየአሥር ኪሎ ሜትሩ «ቁም» ይላል፤ ይወርድና ጠፍሮቹን ያጠብቃል፣ የተሳቢውን ጎማዎች መሃል፣ እኔ የሕፃን ግንባር እንደምነካው፣ በእጁ ጀርባ ይነካል። «አልሞቀም» ይላል። እንሄዳለን።

ኢታንግ ሊቀረን አሥራ ምናምን ኪሎ ሜትር ሲሆን ከብት መንገዱን ሞላው። ቀንዳቸው እስከ ሰማይ ነው፣ ብዛታቸው አይነገርም። ቆምን። ከብቶቹም የሚቸኩሉበት ጉዳይ የላቸውም፣ እኛም ወሬ ያዝን፤ ተሰማ ስለ መቲ ቡና ይነግረን ጀመር፣ ኦቻንም ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ከመስታወቱ ነቀለ። መንገዱ ሲከፈት ተነሣን። ሦስተኛ ማርሽ እንደገባ ጀልባዋ ግራና ቀኝ አለች።

«ኋላዋ ከበደ» አለ ኦቻን። «ቁም። ቀስ ብለህ።»

ወርደን ስናይ ጀልባዋ ውስጥ ሰባት ሰዎች ተቀምጠዋል። ሁለት ዶሮ፣ አንድ ፍራሽ፣ አንድ ኬሻ በቆሎ። ሁሉም ኋላ፣ ሦስት ሦስት ሆነው በሥነ ሥርዓት፣ አንዱ መልሕቁን አንሥቶ ከኋላ አስቀምጦልናል። ከስድስቱ ፊት ያለችው ኛሊየፕ ናት፤ ኢታንግ ዘመዶች ያሏት የኑዌር እናት፣ ሁለት ልጆቿን በኦቻን ጀልባ ወደ እኛ መጥታ የወለደች።

«ማሌ፣ ኦቻን» ብላ በኑዌርኛ ሰላም አለችው።

«ማሌ፣ ኛሊየፕ። እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ኢታንግ እሄዳለሁ።»

«ማን ግቢ አለሽ?»

ኛሊየፕ ተገረመች። «ጀልባህ ቆመች፣ ገባን። መቼ ነው አንተ ግቢ ብለኸኝ የምታውቀው?»

እዚህ ላይ ለማያውቅ ሰው ልናገር። ባሮ ላይ የኦቻን ጀልባ ዳር ነክቶ ከቆመ፣ ዳር ላይ ያለ ሁሉ በኋላ በኩል ይገባል። ማስፈቀድ የለም። ኦቻንም ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ዳር ጥሎ ሄዶ አያውቅም፤ ስለ ራሱ የሚኮራበት ነገር ቢኖር ይሄ ብቻ ነው።

«እማማ» አለ ተሰማ፣ «ይሄ እኮ መኪና ነው። ትወድቃላችሁ። ማንም እዚያ ላይ አይሳፈርም።»

«መኪናው ያንተ ነው» አለችው። «ጀልባው የኦቻን ነው። እኛ ያንተ ላይ አልወጣንም።»

ስድስቱም ራሳቸውን እየነቀነቁ ደገፏት። ተሰማ ወደ እኔ ዞረ፤ እኔ ደግሞ ወደ ኦቻን። ይዞ ቢሄድ ተሳቢው ሊገለበጥ ይችላል፤ ሰው ባይሞት እንኳ ወረቀቱ ሞተ፣ የቆርቆሮው በር ይጠብቀዋል። ጥሎ ቢሄድ ደግሞ በሚቀጥለው ክረምት እነዚህን ሰዎች በየትኛው ዓይኑ ያያቸዋል? ኦቻን ጀልባዋን አንድ ጊዜ ዞራት። ጎንበስ አለ። ከመንገዱ ላይ አንድ እፍኝ አንሥቶ ኛሊየፕ ፊት ዘረጋው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አሸዋ።»

«ጀልባዋ ሥርስ?»

ኛሊየፕ ከጎን አጎንብሳ ወደ ታች ተመለከተች። አሰበች። ሌሎቹም አጎንብሰው ተመለከቱ።

«አሸዋ ነው» አለች በመጨረሻ፣ ቅር እያላት።

«እንግዲህ።»

ባሮ በበጋ ሲቀንስ ጀልባ አሸዋ ላይ ስትቀመጥ፣ ተሳፋሪ በሙሉ ይወርዳል፤ ውሃ እስኪገኝ በእግር ነው። ይህን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል፣ ማንም ተከራክሮ አያውቅም። ሰባቱም ያለ ምንም ማጉረምረም ተነሡ። ኛሊየፕ መጀመሪያ ወረደች፣ እግሯ መሬት ከመንካቱ በፊት ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰበሰበች። ከኋላዋ ያለው ሰውዬ ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ በደረቁ አቧራ ላይ በጥንቃቄ ወረደ። ፍራሹን ከራሳቸው በላይ አድርገው ተቀባበሉት፣ እንዳይረጥብ። እኔ ተሳቢውን ይዤ ከሳቄ ጋር ስታገል ተሰማ ዞር ብሎ ጎማ የሚያይ መሰለ።

«አሁን እዚህ ጥለኸን ልትሄድ ነው?» አለች ኛሊየፕ ከመንገዱ ዳር።

«አልጥልም። ተሰማ ይወስዳችኋል።»

«እኔ?» አለ ተሰማ። «እኔ መቼ…»

«መኪናው የኔ ነው አላልክም?» አለችው።

አላለም፣ ያለችው እሷ ነበረች፤ ግን ማን ደፍሮ ያርማታል። የፒካፑ ኋላ ከእኔ ሁለት ሣጥኖች በቀር ባዶ ነበር። ወጡበት። ኦቻን መልሕቁን ወደ ቦታው መለሰ፣ ከዚያ ሰዎቹን ያስቀምጥ ጀመር። «አንቺ ጋቢና ጋ ተጠጊ። አንተ መሃል። በቆሎው በዚህ በኩል። ዶሮዎቹ የትም ይሁኑ።» ውሃ ላይ እንደሚያደርጉት ሁሉ እሺ እያሉ ተቀመጡ። ኩባያውን አውጥቶ ጀልባዋ ውስጥ ውሃ አፈሰሰ፤ ውሃው ትንሽ ወደ ፊት ሄደ። ሁለት ወፍራም ሰዎችን ወደ ጋቢናው አስጠጋ። ሌላ ኩባያ። ቆመ። «ሂድ፤ ከአርባ እንዳታልፍ» አለው ተሰማን። የቀረውን መንገድ በሠላሳ አምስት ነው የሄድነው።

ኢታንግ ወንዙ ዳር ጸጋአብ ፎርሙን ይዞ ቆሟል። ሰንሰለቱን አየ፣ ጠፍሩን ሳበ፣ ፍሬቻ አስበራ፣ በየመስመሩ ምልክት አደረገ። ከዚያ አነበበ።

«በጉዞ ላይ ጀልባዋ ውስጥ ሰው ተሳፍሮ ነበር?»

ተሰማ ሳለ። እኔም ሳልኩ። አይ በል፣ አይ በል እላለሁ በልቤ።

«አዎ» አለ ኦቻን። «ሰባት።»

«ሰባት?»

«ከብት ስናሳልፍ ገቡ። አላየሁም። አሸዋ ላይ ስለነበርን አወረድኳቸው። ከእንግዲህ ስንቆም እኔ ወርጄ ኋላዋ ጋ እቆማለሁ።»

ጸጋአብ ፎርሙን ገለበጠው፣ አሸዋ የሚል ቦታ የለውም። በመጨረሻ «ልዩ ልዩ» የሚለው መስመር ላይ ረጅም ነገር ጻፈ። «አሁን ውሃ ላይ ትውረድ» አለ።

ለመውረድ ደግሞ ተሳቢውን ወደ ኋላ መግፋት ነው። ተሰማ የኋላ ማርሽ አስገባ። ተሳቢው ወደ ግራ ታጠፈ። ወደ ፊት ወጥቶ እንደገና ሞከረ፤ ወደ ቀኝ ታጠፈ። ሦስተኛው ላይ ጀልባዋና ፒካፑ ጎን ለጎን ቆመው ተያዩ። ወንዙ ዳር ልብስ የሚያጥቡት ሁሉ ሥራቸውን አቆሙ። ጸጋአብ የእስክሪብቶውን ክዳን ገጠመ። ያቺን የክዳን ድምፅ እስከ ዕለተ ሞቴ አልረሳትም።

ኦቻን ወደ ጋቢናው ሄደ።

«ተሰማ፣ የጀልባ ሞተር ይዘህ ታውቃለህ?»

«የት አውቄ።»

«ክንዱን ወደ ቀኝ ስትገፋ ጀልባ ወደ ግራ ትሄዳለች። ወደ ግራ ስትገፋ ወደ ቀኝ። ይሄም እንደዚያ ነው። ጀልባዋን አትይ፣ እጄን እይ። እጄ ወደሚሄድበት መሪህን አዙር። ትንሽ ትንሽ።»

ሄዶ ከተሳቢው ጎን፣ በመስታወት የሚታይበት ቦታ ላይ፣ ፊቱን ወደ ወንዙ አድርጎ ቆመ። ክንዱን ወደ ኋላ ዘርግቶ የሌለ ሞተር ያዘ። እጁን በትንሹ ወዲህ አደረገ፣ ተሳቢው በትንሹ ወዲያ ሄደ። እጁን መለሰ፣ ተሳቢው ቀና አለ። መኪና ነድቶ የማያውቅ ሰው፣ በእግሩ እየተራመደ፣ ፒካፑንም ተሳቢውንም ጀልባዋንም ወደ ባሮ እየነዳ አወረዳቸው። ውሃው ጎማዎቹን ሸፈነ። ጠፍሮቹ ተፈቱ። ጀልባዋ አንድ ጊዜ ነቅነቅ አለችና ተንሳፈፈች፣ አፍንጫዋ ቀና ብሎ።

ኦቻን አልጨፈረም። እንደ ልማዱ መዳፉን ሆዷ ላይ አሳረፈ።

ጸጋአብ ፎርሙን የፒካፑ ኮፈን ላይ ዘርግቶ ፈረመ። ኮፈኑ ስለሚያቃጥል ማኅተሙን ቶሎ ስለመታው ትንሽ ጠሟል። ከዚያ ወዲያ ፈራሚነቱ አበቃ መሰለኝ፣ ኦቻንን አቅፎ ትከሻውን ሦስቴ ገጨው።

ኦቻን ከጀልባዋ ጋር እዚያው ቀርቷል፤ ከእንግዲህ ክረምቱን እዚያ ነው። ኢታንግ ዛሬ ኔትወርክ የለም። ልንመለስ ስንል ወደ መስኮቴ መጣና «አጁሉን ንገሪያት» አለኝ። አጁሉ ሚስቱ ናት፣ እዚህ ከተማ ዓሣ ትሸጣለች።

«ምን ልበላት?»

«ጀልባ ደረሰ በያት።»

«ይኸው ብቻ?»

አሰበ። «ፌስታሉን አልተጠቀምኩም በያት።»

እኔ እንደዚያ ብቻ አልነግራትም፤ ከሚዛኑ ጀምሬ ነው የምነግራት። ግን አሁን ሰዓቴን ሳይ አሥራ አንድ ሊሆን ነው፣ ዓሣ ሻጮቹ ደግሞ ፀሐይ ሳትወርድ ነው ዕቃቸውን የሚሰበስቡት፤ ሳምንቱን ሙሉ ባሏ ምን እንደሚሆን ስትጠብቅ የከረመች ሴት እኔ ጽሑፍ እስክጨርስ ልትጠብቅ አይገባም። ባጃጅ በሩ ላይ ቆሟል፣ ልሂድ።